በስመኝ ታክስ ላይ የተመዘገበው ልጅ

ስመኝ ገላውን ያወቅኋት በታክስ ነው። አዲስ አበባ ግብር አስገቢ መሥሪያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ሆኛለሁ። ያለፈው ሙያዬ ግን አልለቀቀኝም፤ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ ቁጭ ብዬ የሰው ታክስ እሞላለሁ። ሰዎች «ጋሽ ንጉሡ ቁጡ ነው፣ ግን አይሳሳትም» ይላሉ። ቁጣው እውነት ነው። አለመሳሳቱን ግን ከዚህ በታች ታዩታላችሁ።

ስመኝ ከእኔ ብዙ ሳትርቅ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው። ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ ልጇ አምሃ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ደግሞ ማታ ማታ ከሆቴሉ ሥራ ስትወጣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ አንሶላ ታጥባለች። ብዙ አታወራም፤ ሰው ሲያማ ሰዓቷን አይታ ትነሣለች። ሊያገቧት የጠየቁ እንዳልጠፉ አውቃለሁ። አንዱን እኔው ነበርኩ ያስተዋወቅኋት፤ «ልጁ አባቱ ማነው?» ብሎ ሁለት ጊዜ ስለጠየቀ ብቻ ስልኩን ማንሣት ተወች።

በፈረንጆቹ 1990 መጀመሪያ እኔ ዘንድ ስትመጣ አምሃ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። «ልጅሽ ነው?» አልኳት። «አዎ፣ ልጄ ነው» አለች። እኔም «ወንድ ልጅ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው መስመር አለፍኩ። የእህትም የወንድምም ልጅ በኛ ዘንድ ልጅ ነው፤ ሴትን ልጅ ደግሞ «ወልደሽው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ ብቻ ነው። ባለጌ ላለመሆን ስል የግብር ሰው መሆኔን ረሳሁት። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

በ1997 ማርች ላይ ስመኝ አንድ ደብዳቤ ይዛ መጣች።

«ጋሽ ንጉሡ፣ ይቺ ሌተር መጣችብኝ። አምሃ አነበበልኝ። ልጅሽ መሆኑን አስረጂ ነው የሚሉት» አለችኝ።

አየሁት። የታክስ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያስመዘገበችው ተማሪ አምሃ ዓብዩ የስመኝ ገላው ልጅ ለመሆኑ ማስረጃ ይጠይቃል። ስማቸው አልገጠመላቸውም። ልጅ በአባቱ ስም እንደሚጠራና እናትም የአባቷን ስም ይዛ እንደምትኖር ለፈረንጅ ማን ይነግረዋል? ቀላል ነገር ነው ብዬ ሳቅሁ። ሕጉን አስረዳኋት። ተማሪ ልጅ ሃያ አራት ዓመት እስካልሞላው ድረስ፣ በእረፍቱ ሠርቶ የቱንም ያህል ቢያገኝ፣ ወላጁ ከኑሮው ወጪ ከግማሽ በላይ እስከቻለ ድረስ ታክሱ ላይ አስመዝግቦት ግብሩን ሊያስቀንስ ይችላል። ትምህርት ቤት ማደሩም ቤት እንዳለ ይቆጠርለታል።

«የልደት ወረቀቱን ብቻ አምጪልኝ» አልኳት።

ቦርሳዋን ከጉልበቷ ላይ አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው።

«እኔ አልወለድኩትም» አለች።

ከዚያ ነገረችኝ። ርብቃ የምትባል ታላቅ እህት ነበረቻት። የርብቃን ባል ዓብዩን በቀይ ሽብር ገደሉት። ርብቃም ብዙ አልቆየችም፤ ልጇ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በሕመም ሞተች። ስመኝ ሕፃኑን እያዘለች እያወረደች በመተማ በኩል ሱዳን ገባች። ካርቱም ላይ ለስደተኝነት ስትጠየቅ «ልጅሽ ለመሆኑ ትምያለሽ?» ቢሏት ፈራች፤ «የእህቴ ልጅ ነው» ብላ እውነቱን ተናገረች። አምሃ ከስደት በፊት የነበረ ሌላ ወረቀት የለውም። ያቺን ወረቀት ሻንጣ ውስጥ ቆልፋ ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ አለፋት።

«እሱ አያውቅም» አለች። «ማሚ ነው የሚለኝ።»

የታክስ ሕግ መጽሐፌን ገለጥኩ። የእህት ልጅ ከሆነ፣ አምሃ በክረምት ሠርቶ ያገኘው ገንዘብ ከተፈቀደው ስለሚበልጥ ማስመዝገብ አትችልም። ግን ዝቅ ብሎ ሌላ ነገር ተጽፏል፦ አንድ ሰው እንደ ራሱ ልጅ ያሳደገውና ዓመቱን ሙሉ ቤተሰብ ሆኖ አብሮት የኖረ ልጅ፣ ለዚህ ሕግ እንደ ልጅ ይቆጠራል። ደስ ብሎኝ ጠረጴዛውን መታሁ። የሚያስፈልገን የካርቱሟ ወረቀትና አምሃ ራሱ ፈርሞ የሚሰጠው ቃል ብቻ ነው።

«አልፈልግም» አለች። «መልሺ የሚሉኝን እመልሳለሁ።»

ተቆጣሁ። ሕግ ያልጠየቀሽን ለምን ትከፍያለሽ? ሦስተኛ ሥራ ልትይዢ ነው? እያልኩ ጮህኩባት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ጋሽ ንጉሡ፣ እርስዎ ለታክሱ ነው የሚቆጡት። እኔ የማጣው ልጄን ነው።»

አፈርኩ። ደብዳቤውን አጥፌ ሰጠኋትና እስከ ሊፍቱ ሸኘኋት።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ፣ ፓርኪንጉ መግቢያ ላይ ካለችው ኪዮስኬ ተቀምጬ ሳለሁ አምሃ መጣ። ትምህርት ቤት እረፍት ላይ ነበር። በእነ ስመኝ ቤት ፖስታ የሚከፍተው፣ እንግሊዝኛውን የሚያነበው፣ ፎርም የሚሞላው ከልጅነቱ ጀምሮ እሱ ነው። ይህንን እያወቅሁ እንዴት እንዳላሰብኩት አሁንም ይገርመኛል። «ማስረጃ አምጪ ሲሏት ይህን ጻፍኩ» ብሎ በመስኮቱ በኩል አንድ ወረቀት አቀበለኝ። በታይፕ ተጽፎ፣ ተፈርሞበታል። «አክስቴ ስመኝ ገላው ከሁለት ዓመቴ ጀምሮ አሳድጋኛለች» ይላል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ሲቲዝንሺፕ አፕላይ ስታደርግ ፎርሟን የሞላሁላት እኔ ነኝ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ሥራ ላይ ሆና ሻንጣውን ክፈት አለችኝ። ረስታው ነው መሰለኝ። የካርቱሟ ወረቀት እዚያ ነበረች፤ ኔፊው፣ የእህት ልጅ ትላለች።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«እንዳላውቅ ብላ ስንት ደከመች፤ ኖ ማሚ፣ አይ ኖው ብዬ ምን ላድርጋት?»

መኪናዎች ተሰልፈው ክላክስ ያደርጋሉ። የሁለቱን ተቀብዬ አሳለፍኩ። በዚህ መሀል የግብር ሰውነቴ ሌላ ነገር አስታወሰኝ። ተማሪዎች ለትምህርት ርዳታ የሚሞሉት ፎርም አለ፤ እናትና አባቱ የሞቱበት ተማሪ ራሱን እንደቻለ ስለሚቆጠር ያሳዳጊው ደመወዝ አይታይበትም፤ ርዳታውም በጣም ይበልጣል።

«ፋይናንሻል ኤይዱን ስትሞላ፣ ወላጆችህ ሁለቱም ሞተዋል ወይ ብሎ ይጠይቅ የለም እንዴ?»

«ይጠይቃል።»

«ምን አልክ?»

«ኖ አልኩ። እናትማ አለችኝ።»

«ስንት እንዳስቀረብህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሰመር ላይ የምሠራው።»

እንባዬ መጣ። ለምን እደብቃለሁ፣ አለቀስኩ። ሦስተኛው መኪና ሳይከፍል አለፈ፤ ከኪሴ ከፈልኩለት። ከዚያ አምሃን «ሂድና ራስህ ንገራት፤ አንተን እንዳታጣ ብላ ያልበላችውን ዕዳ ልትከፍል ነው» አልኩት። በእሺታ ራሱን ነቀነቀና ሄደ። እስከ እሁድ ድረስ እንቅልፍ በቅጡ አልወሰደኝም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱም መጡ። የስመኝ ዓይኖች አብጠዋል፤ ነጠላዋ ግን አልተዛነፈም። የካርቱሟን ወረቀት ራሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። ዝምድና በሚለው መስመር ላይ «ያሳደገችው ልጅ» ብዬ በእንግሊዝኛ ሞላሁና ተረጎምኩላት። ፈረመች።

እስክሪብቶውን እንደያዘች ቀና አለችና ጠየቀችኝ።

«ጋሽ ንጉሡ፣ አምሃ የነገረኝን ያንን የትምህርት ቤቱን የርዳታ ፎርም እውነቱን ሞልቶት ቢሆን፣ እኔ ሁለተኛውን ሥራ አልይዝም ነበር?»

አምሃ ወለሉን ያያል። መዋሸት አማረኝ፤ አልቻልኩም።

«አትይዢም ነበር» አልኳት።

ወደ ልጁ ዞረች። ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠበችው አንሶላ ሁሉ ፊቷ ላይ የመጣባት መሰለኝ። ትከሻውን በጥፊ መታችው፤ ደግማ ልትመታው እጇን አነሣችና እዚያው ትከሻው ላይ ተወችው።

«አዩልኝ ጋሽ ንጉሡ?» አለችኝ። «ምን ዓይነት ቂል ልጅ ነው የወለድኩት።»