ብቸኛው መቶ ሺህ ሦስት

እኔ ቁጥር አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የታክሲ ታርጋ ይሁን የመብራት ቆጣሪ፣ በሦስት ይካፈላል? በሰባትስ? ካላልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። የሂሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ አመሌ ነው። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም።

ያን ቅዳሜ ጭድ ተራ አጠገብ የዳንቴል ክር ልገዛ ሄድኩ። መርካቶ ክር ሻጭ ሞልቶ፣ እኔ የምሄደው ሁሌ አንድ ሱቅ ነው። ባለሱቁን ወድጄዋለሁ፤ ምን እደብቃለሁ! ሁለት ዓመት ሙሉ ክር ገዝቼ ገዝቼ፣ ቤቴ ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም፤ የጋዝ ሲሊንደሩ ሳይቀር ለብሷል። አግብቶ ይሁን አላገባ ግን ጠይቄው አላውቅም። አግብቻለሁ ቢለኝስ ብዬ ፈራሁ።

መደርደሪያው ላይ አዲስ ካርቶን ተቀምጧል፤ ጎኑ ላይ 100003 የሚል ታትሞበታል። አላስቻለኝም። ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ አሮጌ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ማካፈል ጀመርኩ። በሦስት እምቢ አለ። በሰባት አንድ ተረፈ፤ ወይኔ፣ ለጥቂት! በአሥራ አንድ ሁለት ተረፈ። ደንበኛ ይመጣል፣ ደንበኛ ይሄዳል፣ እኔ አካፍላለሁ። በመጨረሻ በሦስት መቶ አሥራ ሦስት ሞከርኩት፤ መቶ ሃምሳ ስድስት ተረፈ። ቀጥሎ የሚሞከረው በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን ስለሚያልፍ፣ ከዚያ በላይ መሞከር ትርፍ ድካም ነው። ብድግ ብዬ ጮህኩ።

«እሰይ! ብቸኛ ነው! ብቸኛ ነው!»

እንዲህ አልካፈልም ያለ ቁጥር በሂሳብ ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ጎን ላይ ሻሽ የሚሸጡት እትዬ ግን ይህን ከየት ይወቁት? ባለሱቁ ደግሞ የኔን ክር ሊያወርድ ከካርቶኑ አጠገብ መሰላል ላይ ቆሟል።

«እሱ?» አሉ ሽቅብ እያዩት። «ታዲያ ይሄን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀሽ? እኛን አትጠይቂም ነበር!»

ተራው በሳቅ አውካካ። ከወዲያ ማዶ አንዱ «ቲቸር፣ እኔም ብቸኛ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ! በቃ፣ ከእንግዲህ እግሬ እዚህ አይረግጥም፣ እሱንም አላየውም ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ።

ከመሰላሉ ወረደ። ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«እናቴ ትሙት፣ ቁጥሩን ነው!» አልኩና ካርቶኑን አሳየሁት።

ደረሰኙን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። «ቆይ፣ በምንም አይካፈልም ማለት ነው?»

«በራሱና በአንድ ብቻ ይካፈላል» አልኩ።

«አንድማ አለችው በያ።» ክሩን እጄ ላይ አስቀመጠ፤ እጁን ግን አላነሳም። «ለኔዋ አንድ ደግሞ ይኸው ሁለት ዓመት ክር ስሸጥላት ኖርኩ።»

አፌን ከመክፈቴ እትዬ እልል አሉ።