በነጅዋ ሥራ ላይ የሐቢብ ስም

የልጅ ልጄ የነጅዋ ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ናቸው። ወደ ታች የሚወስደውን ትነካለች፣ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ኮከብ ታስቀምጣለች፣ ክፍተት ትሰጣለች፣ እንደገና ወደ ታች። የተንጋደደውን ታቃናለች፣ የረዘመውን ሁለት መስመር ታደርገዋለች። የተቀመጥነው በጓደኛዋ በመቅዲ እናት አሳ ቤት፣ በሐይቁ በኩል ካለው ጥግ ነው። ዘይቱ ይንጫጫል፣ ውጭ ባጃጅ ጡሩንባውን ይነፋል፤ እሷ አትሰማም። ቁልፎቹን የምትመታው እንደ ተቆጣ ሰው ነው። እኔም ተቆጥቻለሁ፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ሥራዋን እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። አንድ ኮምፒውተር በሆዱ ብዙ ኮምፒውተሮችን እንዲይዝ የሚያደርግ ፕሮግራም አለ። በውስጡ ያሉት እያንዳንዳቸው ብቻዬን ነኝ ብለው ይሠራሉ፣ ጎረቤታቸውን አያዩም። ፕሮግራሙ የአንድ ሰው አይደለም፤ በየአገሩ ያሉ ሰዎች እየጻፉና እያረሙ ይሰጡታል። በኮዱ መሃል ደግሞ ኮሜንት የሚሉት ጽሑፍ አለ። ማሽኑ ዘሎት ያልፋል። የተጻፈው ለሰው ነው፤ «ይህን ያደረግሁት በዚህ ምክንያት ነው፣ እዚህ ጋ ተጠንቀቅ» ለማለት። ብዙ ሰው በብዙ ዓመት ስለጻፈው አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ አድርጎታል። ነጅዋ ያን ሁሉ አንድ መልክ ታስይዘዋለች። ቃሉን አትነካም፤ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ምልክት ግን ለየብቻ በየመስመራቸው ታኖራለች፣ የሚያነበው ሰው ዓይኑ እንዳይደናቀፍ።

ድሮም እንዲሁ ነበረች። አባቷ እንድሪስ፣ ልጄ፣ ለትምህርት ከአምባሰል አምጥቶ እኔ ዘንድ ሲተዋት ገና ትንሽ ነበረች። መድረሳው በር ላይ ልጆች የጣሉትን ጫማ ጥንድ ጥንዱን አሰልፋ ነበር የምትገባው። «ምን አገባሽ?» ስላት «ሲወጡ ይፈልጉታላ፣ እማማ» አለችኝ።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ተማረች። ተመልሳ መጥታ ሥራ አጣች። ጎረቤታችን ሐቢብ በወልድያው መንገድ ዳር ኮምፒውተር ቤት አለው፤ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ጽሑፍ ይተይባል፣ ልጆች ያስተምራል። ጠዋት ተማሪዎቹን ልታስተምርለት፣ ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተሩ የራሷን ልትሠራ ተስማሙ። ስለዚህ ነገ ማንም ሰው በነፃ ተጠቀመች እንዳይለኝ!

አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ሥራ ሊሰጣት «በስምሽ ፕሮግራም ውስጥ የገባ ነገር አሳዪን» ብሏት ነበር። ለዚያ ብላ ብዙ ወር የኮሜንቱን ነገር ያዘች። በዚያ ሥራ ወግ አለ፤ የሚልከው ሰው ከታች ስሙን ይጽፋል። ስሙን መጻፉ «ይህ የእኔ ነው፣ ልሰጠው መብት አለኝ» ብሎ ቃል መስጠቱ ነው። ሥራዋን ጨርሳ ልትልክ ስትል መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ ሳይነሳም የአክስቷ መርዶ መጣ። ለቅሶ ይደር አይባልም፤ ነጠላችንን ደርበን አምባሰል ወጣን።

እሷ ለቅሶ ቤት መሬት ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ሐቢብ ሥራዋን በራሱ ስም ላከው።

ያወቀችው ስንመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ስልኳን ከፈተች። የፕሮግራሙ ተቆጣጣሪዎች «ሐቢብን እናመሰግናለን፣ ገብቷል» ብለው ጽፈዋል። ሥራው ገብቷል፤ የእሷ ስም የለም። አላለቀሰችም። ወራጅ ብላ አስቆመችና ቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ቤቱ ሄደች፤ እኔም ከኋላዋ።

«እማማ! ይግቡ እንጂ። ወንበር አምጡላቸው» አለ ሐቢብ።

«ወንበርህን ተወው» አልሁት።

«አያ ሐቢብ፣ ሥራዬን በስምህ ልከኸዋል» አለች ነጅዋ።

«ልኬልሽ ነው እንጂ! ለቅሶ ላይ እንዳለሽ ቢቀርስ?»

«ለእኔ ከሆነ ስሜ የታለ?»

«ኮምፒውተሩ የማን ነው? ኢንተርኔቱስ? መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር የሚያስነሳልሽ ማነው?»

ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁት ሰዎች ጆሯቸውን አቆሙ። እኔ አልቻልሁም።

«ስማ፣ ሐቢብ። አባቴ በሬ ለሌለው ሰው በሬውን በእኩል ይሰጥ ነበር። መኸር ሲገባ ድርሻውን ይወስዳል። አንድ ቀን ግን ‹ያረስሁት እኔ ነኝ› ሲል አልሰማሁትም። አንተ የአራሹን እጅ ነው የወሰድኸው!»

ሳቀ። «እማማ፣ ይሄ እርሻ አይደለም። ኮሜንት ነው፤ ቤት መጥረግ በሉት። ማሽኑ እንኳ አያየውም።»

«ጥራጊ ከሆነ ስምህን ምን አስገባው እዚያ?»

አንዱ ሽማግሌ ወረቀቱን አፉ ላይ አድርጎ ሳቁን ደበቀ። የሐቢብ ፊት ጠቆረ።

«ለፕሮግራሙ ሰዎች አንድ መስመር ጻፍላቸው» አለች ነጅዋ። «ሥራው የነጅዋ ነው በላቸው። ሌላ አልፈልግም።»

«ሌባ ነኝ ብዬ ልጻፍ? ስሜን ላጥፋ?»

«የእኔን አጥፍተኸው የለ፣ ሐቢብ!»

አልጽፍም ብሎ ወደ ፎቶ ኮፒው ዞረ። የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች። እኔም «አላህ ይይልህ» ብዬው ወጣሁ።

ነጅዋ ለተቆጣጣሪዎቹ ራሷ ጻፈች። የገባ ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ አይለወጥም፣ የላከው ሰው ራሱ ካመነ ግን ማስተካከያ እንጽፋለን አሉ። ሐቢብንም ጠየቁት። ዝም አለ። እስከ ዛሬ ዝም እንዳለ ነው፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። መንደሩም «የሐቢብ ሥራ ውጭ አገር ደረሰ» ይላል። የአዲስ አበባው ድርጅት ደግሞ በስምሽ ያለው ሲመጣ እናያለን ብሏል።

ለዚህ ነው አሳ ቤት የተቀመጥነው። መቅዲ አሮጌ ላፕቶፗን ሰጥታታለች። ገና ያልተነኩ ፋይሎች አሉ፤ እነሱን ታቃናለች። የአሁኑን ስትልክ ስሟን ከታች ራሷ ትጽፋለች፤ እኔም አጠገቧ ሆኜ አያለሁ።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሰው በጻፈው ወረቀት ላይ፣ የሚለውን ሳላውቅ፣ ጣቴን ቀለም እየነከርሁ አትሜያለሁ። ስሜን በእጄ የጻፍሁ ቀን ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ውስጥ አድርጌ አደርሁ። ስለዚህ ስም ምን እንደሆነ ለእኔ አትንገሩኝ።

እናንተን ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። እዚህ ሐይቅ ከተማ መጥታችሁ ስለዚያ ሥራ ሲወራ ብትሰሙ፣ ወይም ከእናንተ መሃል ያን ፕሮግራም ከፍቶ የተስተካከለውን ኮሜንትና ከታቹ የሐቢብን ስም የሚያይ ቢኖር፣ ዝም ብላችሁ አትለፉ። የማን እጅ እንደሠራው ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተናገሩልኝ፤ ነጅዋ እንድሪስ በሉ።