የታሪክ መምህርቷ ቂም

ርዕሰ መምህሩ በመምህራን ስብሰባ ላይ «ፈተናውን የሸጠችው እሷ ናት» ብሎ ጣቱን ሲቀስርባት፣ የታሪክ መምህርቷ ከወንበሯ ተነሳች። ከባልደረቦቿ አንድ እንኳ የተከራከረላት የለም። ዕቃዋን በፌስታል ሸክፋ ወጣች፤ ቂሙን ግን አንጀቷ ውስጥ ቋጥራ ነው የሄደችው።

የወተት ጥርሷን ገና እየነቀለች ያለችውን ሴት ልጇንም ከዚያው ትምህርት ቤት አስወጣቻት። ባሏ፣ አውቶቡስ ነጂው፣ «ልጅቷ ደግሞ ምን አጠፋች?» ቢላት፣ «የሱን ደጃፍ አትረግጥም!» ብላ አፉን አስያዘችው።

ጠዋት ጠዋት የቁርሱ ሰሃን ከጠረጴዛው ሲነሳ ትምህርት ይጀመራል። ሌላ እናት ብትሆን በፊደል ትጀምር ነበር። እሷ ግን የጀመረችው ከጥንት ነገሥታት ነው፤ ያውም ከተማ ካቃጠሉት፣ የጠላታቸውን ስም ከድንጋይ ላይ ካስፋቁት።

«ስሙን ለምን ፋቁት?»

«ማንም እንዳያስታውሰው።»

«ከሞተ በኋላም?»

«ከሞተ በኋላ ነዋ፣ የኔ እመቤት! በቁሙማ ማን ደፍሮ ይነካዋል?» ትላለች፣ ዓይኗ እየበራ።

ልጅቷ በሊጥ ግንብ ስትሠራ፣ «ዙሪያውን ክበቢው! መውጫ እንዳትተዪላቸው» ትላታለች። ባልየው ለምሳ ሲገባ የፈራረሰውን ግንብ አይቶ «ዛሬ ደግሞ የማን ከተማ ጠፋ?» ይላል። እሷ አትስቅም።

ዓመት ሳይሞላ ጉዱ ፈነዳ። ፈተናውን ሲቸበችብ የኖረው ማባዣ ክፍል የሚሠራው የርዕሰ መምህሩ የእህት ልጅ ሆኖ ተገኘ። ርዕሰ መምህሩ ብርቱካን አንጠልጥሎ ቤቷ ድረስ መጣ።

«እህቴ፣ ያለፈው አልፏል። ተመለሺልን።»

«ያዋረዱኝ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታም የሚጠይቁኝ በሰው ፊት ነው» አለችው፣ ብርቱካኑን ሳትቀበል።

ጠየቃት። ተማሪውም መምህሩም በተሰለፈበት፣ ድምፅ ማጉያ ጨብጦ፣ ላብ በላብ ሆኖ። የልጇን እጅ ይዛ ፊት ለፊቱ ቆማ ሰማችው። አንዱን ቃል ዋጥ ቢያደርገው «አልተሰማም!» ብላ አስደገመችው። ከዚያ «አመሰግናለሁ። ግን አልመለስም» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው።

መንገድ ላይ ልጅቷ፣ «እማዬ፣ ካልተመለስሽ ለምን ይቅርታ አስጠየቅሽው?» አለቻት።

«ልሰማው ፈልጌ።»

«ሊያለቅስ ነበርኮ።»

«አይቻለሁ» አለች፣ እርምጃዋን ሳትቀንስ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

በማግስቱ ልጅቷ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ «ዛሬ ማንም የማይሸነፍበት ታሪክ ንገሪኝ» አለቻት። መምህርቷ አሰበች፣ አሰበች፤ ቸገራት። በመጨረሻ መንኮራኩር ስለሠሩት ሰዎች ጀመረች። መሀል ላይ ግን ያ የተንቀጠቀጠ የርዕሰ መምህሩ ድምፅ ትዝ አላትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ለብቻዋ ፈገግ አለች።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች ልጅቷ።