በረዶ የያዘው ሽንጥ

ጋሽ ሞረድ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ነገር ነገር ሲላቸው ዋለ። ቢላዋቸው ማታ ከቤት ሊወጣ ነው፤ እሳቸውን ደግሞ ማንም አልጠየቃቸውም።

አርባ ዓመት ሥጋ ቆርጠዋል። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ደንበኛ ኖረም አልኖረ ሞረዱን ከእጃቸው ስለማያወርዱ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ያ የተመሰከረለት ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባለፈው ወር ሽንኩርት ልክተፍ ብለው ጣታቸውን ቆረጡና አምስት ቦታ ተሰፉ። ልጃቸው የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ መቆለፍ ለምዳለች። የቤቱን ስለት ሁሉ ሰብስባ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ያም አልበቃ ብሏት ረጅሙን የሥራ ቢላዋቸውን ለድሮ ረዳታቸው ልትሰጥ ቃል ገባች። ረዳቱ ዛሬ የራሱ ልኳንዳ ያለው ጎልማሳ ነው። ማታ ራት በልቶ ቢላዋውን ይዞ ይሄዳል ተብሏል። ቢላዋው ከወዲሁ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ፍሪጁ አናት ላይ ተቀምጧል፤ ጋሽ ሞረድም ቀኑን ሙሉ በዚያ ባለፉ ቁጥር ፊታቸውን ያዞራሉ።

ልጅቱ ጠዋት ስትወጣ፣ "አባዬ፣ ሥጋውን በስድስት ሰዓት ከፍሪዘር አውጣልኝ" ብላ ነበር። ጋሽ ሞረድ ከፍሪዘር የወጣ ሥጋ፣ ሥጋ ነው ብለው አያምኑም። በዚያ ላይ አኩርፈዋል። ስለዚህ ያወጡት እሷ ልትገባ አንድ ሰዓት ሲቀራት ነው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ያስተማረቻት የእስያ አሠራር አለ፤ ስስ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ፣ ኑድል የሚሉት ቀጭን ፓስታ፣ ሶያ ሶስ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት። "ሃያ ደቂቃ አይፈጅም" አለች ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ። ሽንጡን ስትነካው ግን ፊቷ ጠቆረ።

"አባዬ! ይሄ እኮ ገና ድንጋይ ነው።"

"ድንጋዩን ያስገባሽው አንቺ ነሽ።"

ከቁም ሳጥኑ ትንሿን ቢላዋ አውጥታ ሽንጡን መገዝገዝ ጀመረች። ቢላዋዋ ዱልዱም ናት፣ ልጅቱም ቸኩላለች። ጋሽ ሞረድ ከወንበራቸው አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። የምትቆርጠው የሥጋውን ክር ተከትላ ነው፤ ያውም አውራ ጣት አውራ ጣት የሚያህል።

"ኧረ ክሩን አቋርጪው! እንዲህ ከቆረጥሽው ማን ያኝከዋል?"

"አባዬ፣ ተቀመጥ አልኩህ እኮ።"

ተቀመጡ። በገዛ ቤታቸው፣ ዐይናቸው እያየ ሽንጥ እንደዚያ ሲበላሽ፣ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ልጅቱ የቆረጠችውን ሁሉ ባንዴ መጥበሻው ላይ ገለበጠችው። ሥጋው መጥበሱ ቀርቶ ውሃ አውጥቶ ይንተከተክ ጀመር። እሱን ስታማስል በወዲያኛው ምድጃ የጣደችውን ኑድል ረሳችው፤ ብታወጣው ተጣብቆ ሊጥ ሆኗል። አንድ ቁራጭ ሥጋ ቀመሰች። አኘከች፣ አኘከች፣ መጨረሻ ላይ መዳፏ ላይ ተፋችው። እንባዋ መጣ።

"ሰውዬው ሊደርስ ነው፣ ምን ላቅርብለት? ምን ዓይነት ቀን ነው በእግዜር!" ብላ ቦርሳዋን መንጭቃ ሌላ ኑድል ልትገዛ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ጓ ብሎ ተዘጋ።

መክተፊያው ላይ ግማሹ ሽንጥ እንዳለ ነው። ጋሽ ሞረድ አዩት፤ ከዚያ ፍሪጁን ቀና ብለው አዩ። ተነሡ፣ ጋዜጣውን ፈቱ።

እጃቸው እንደ ልማዱ ይንቀጠቀጣል። ያን የፈሩትን ያህል ግን አልሆነም። ለስላሳ ሥጋ ከእጃቸው ጋር አብሮ ይወዛወዝ ነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስቸገራቸውም እሱ ነው። ይሄኛው ግን ላዩ ብቻ ላላ ብሎ ሆዱ በረዶ እንደያዘ ስለሆነ ፍንክች አይልም። ቢላዋው ተደግፎት ቁልቁል ወረደ። ስስ፣ ጋዜጣ የሚያስነብብ ቁራጭ ወደቀ። ደገሙ። አሁንም ወደቀ።

ደስታቸው ግን ብዙ አልቆየም፤ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ያ ረዳት የሃያ ዓመት ልጅ ሳለ፣ እንዲህ ይቀላል ብሎ በረዶ የያዘ ሥጋ ሲቆርጥ አግኝተውት በደንበኛ ፊት "አናጺ ከሆንክ እንጨት ቤት ሂድ!" ብለው አንድ ሳምንት አባረውታል። "የማልረባ ሽማግሌ" አሉ ለራሳቸው፤ መቁረጡን ግን አላቆሙም።

ልጅቱ ስትመለስ ረጅሙን ቢላዋ እጃቸው ላይ አይታ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። መጀመሪያ ያየችው ጣቶቻቸውን ነው፤ አሥሩም አሉ። ቀጥላ መክተፊያውን አየች።

"ዘይቱ ይጋል። ሥጋውን ትንሽ ትንሽ እያደረግሽ" አሉ ቀና ሳይሉ። ሃያ ደቂቃም አልፈጀ።

እንግዳው መጣ፣ ተቀመጠ፣ በላ። በሁለተኛው ጉርሻ አንድ ቁራጭ በሹካ አንሥቶ ወደ አምፖሉ አስጠጋው።

"ጋሼ፣ ይሄ በረዶ ይዞት ነው የተቆረጠው፣ አይደል?"

ልጅቱ አባቷን አየች። የጋሽ ሞረድ ጆሮ ቀላ።

"አዎ" አሉ። "ያኔ ያባረርኩህ በከንቱ ነው።"

ሰውዬው ቁራጩን ጎረሰና ቀስ ብሎ አኘከ። "ሳምንቱን ሙሉ እናቴ ቤት ተኝቼ አለቀስኩ እኮ" አለና ሳቀ። ሊሄድ ሲነሣ ልጅቱ ቢላዋውን በጋዜጣው ልትጠቀልል ብድግ አለች፤ እሱ ግን እጁን አውለበለበ። "ተይው እህቴ። ሥራ ላይ ያለ ቢላዋ አልወስድም።"

በሩን ዘግታ ተመለሰችና ሳህን መሰብሰብ ጀመረች። "የተረፈውን ነገ ትቆርጥልኛለህ" አለች። "እኔ ቆሜ እያየሁህ ግን።"

"እያየሽኝ?" ጋሽ ሞረድ ቱግ አሉ። አርባ ዓመት ሰው እሳቸውን የሚያየው ሊማር ነበር፤ ጠባቂ ቆሞባቸው አያውቅም። "እንደ ሕፃን እያየሽኝ!"

ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። እየተነጫነጩ የተረፈችውን ሽንጥ ፌስታል ውስጥ ከተቱ፣ የፍሪዘሩን በር ከፈቱና በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ራሳቸው አስገቧት።