አንደኛ የወጣው ቢላዬ እስከ ፋሲካ ቁም ሳጥን ላይ ነው

ዛሬ ረፋድ ላይ የበሬ አጥንት የቆረጠው የእኔ ቢላ ብቻ ነበር። ሓወልቲ አካባቢ ባደረግነው የቢላ ሠሪዎች ውድድር አንደኛ ወጣሁ።

ፈተናው መጀመሪያ ገመድ፣ ቀጥሎ እንጨት፣ መጨረሻ ላይ አጥንት ነው። የጎረቤቴ የሐፍቶም ቢላ እንጨቱ ላይ ጫፉ ተሸረፈና ከውድድሩ ወጣ።

አጥንቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ዞረናል። ሥጋ ቤቶቹ ለምን እንደተዘጉ ግን ማናችንም አላሰብንም።

ከዚያ ክርክር ተነሳ፤ የተፈተነ ቢላ ምን ይደረግ? አንዱ ተስሎ ይሸጥ አለ፣ ሌላው ግድግዳ ላይ ይሰቀል አለ። እኔ ተነስቼ "ሠሪው ቤት ይግባ፤ ሚስቱ ያልከተፈችበትን ቢላ ለሰው አይሽጥ" አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

እውነቱን ለመናገር የቤታችን ቢላ እጀታው በላስቲክ የታሰረ ነው። ባለቤቴ ለተብርሃን አዲስ ሥራልኝ ብላ ስንት ዓመት ለምናኛለች።

ዛሬ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። "በምን ፈተናችሁት?" አለች። በኩራት ነገርኳት።

"በዐቢይ ጾም አጥንት የቆረጠ ቢላ ሽሮዬ ላይ ልታመጣብኝ ነው?"

አጥቤዋለሁ ብል አልሰማችኝም። በጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ "የሐፍቶም ቢላ አጥንቱ ጋ አልደረሰም አይደል?" አለችኝ።

ሄጄ ለመንኩት። "ውሰድ ሓወይ፣ ውሰድ ወንድሜ" አለኝ፤ ሳቁን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም።

አሁን ሽንኩርት እየተከተፈበት ነው። ጥሩ ይቆርጣል ብላኛለች፤ ሁለት ጊዜ።

ሙያችሁ ውጭ ተጨብጭቦለት ቤት ውስጥ ያልተፈለገባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን ከብዶኛል።