ጋሽ ጥግና ሁለተኛው ሌንስ

ሰፈሩ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው መኖሩ ያጠራጥራል። ትልቁም ትንሹም የሚጠራው ጋሽ ጥግ እያለ ነው። ፎቶ አንሺ ነው። ለሠርግም ይጠራ ለምረቃ፣ ከአዳራሹ ሲገባ ዓይኑ የሚፈልገው ሙሽሮቹን ወይም ተመራቂዎቹን ሳይሆን ጥግ ነው። ጥጉን ካገኘ ጀርባውን ግድግዳ ላይ ይለጥፍና ያን ረጅም ዙም ሌንሱን እያዞረ ሰዉን ሁሉ ከተቀመጠበት ወደ ራሱ ይጎትተዋል። አንዲት ሙሽራ እንዲያውም "ፎቶ አንሺው ሳይመጣ ቀረብኝ" ብላ በገዛ ሠርጓ ላይ አለቀሰች። አልበሙ ሲመጣላት ግን ስታለቅስ የተነሣችው ሳይቀር ነበረበት።

ዓይናፋር ነው ሰውየው። ሰው ፊት ቆሞ "እስቲ ቀና በሉ" ማለት ምላሱን ያስረዋል። ዙሙ ከዚህ ሁሉ ገላግሎት ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራውን በልቶበታል፤ ፈጣሪውንም በየማለዳው ያመሰግንበታል።

ጭንቅ የመጣው በታላቅ እህቱ በኩል ነው። እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው በልጅነቱ ስትሞት እሱን ያሳደገችው በስፌት መኪናዋ ነው። በቅርቡ የዓይን ሐኪሙ "ከእንግዲህ መርፌና ክር ይብቃሽ" አላት። እሷም ሳታንገራግር፣ የተቀበለችውን ሥራ እስከ ቅዳሜ ልትጨርስ፣ በዚያው ዕለት ደግሞ መኪናዋን ስፌት ለጀመረች ጎረቤቷ ልትሰጥ ወሰነች። ጋሽ ጥግ ይህን ሲሰማ አንድ ነገር ልቡን ወጋው። የስንቱን ሰው ፊት አንሥቶ፣ እህቱ መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች አንድም ፎቶ የለውም።

ሰኞ ሮጦ ሄደ። ክፍሏ ጠባብና ጨለም ያለች፣ መስኮቷም ከመሃረብ የማትበልጥ ናት። ፍላሽ እንዳያበራ ብልጭታው የእትዬን ዓይን ያሳምማል። ያለ ፍላሽ ቢያነሣ፣ በዙሙ በኩል የምትንቀሳቀሰው እጇ እንደ ጭስ ተበትና ወጣች።

"እንግዲያው ይህቺን ውሰድ" አለው ችግሩን የነገረው ካሜራ ጠጋኝ ወዳጁ፣ ከመሳቢያው አንዲት ድቡልቡል ሌንስ አውጥቶ። "አጭር ናት፤ ግን ጨለማ አትፈራም። ዓይኗ ሰፊ ነው።"

"ዙሟስ?"

"ዙም የላትም። መቅረብ ስትፈልግ ተነሥተህ ትሄዳለህ። ሁለት እግር የተሰጠህ ግድግዳ እንድትደግፍበት ነው እንዴ?"

"ተው እንጂ ወንድሜ።"

"እስከ ቅዳሜ ማታ ሞክራት። ካልሆነችህ ትመልሳለህ። ከሆነችህ ያንተ ናት፤ በምትኩ የልጄን ሠርግ ታነሣልኛለህ። ከጥግ ግን እንዳይሆን!"

ቤቱ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣትና እንደ እንግዳ አያት። "ፈራሁ" አላት ባለቤቱን። "አንድ ሌንስ ይኸው አኑሮኛል። በላዩ ሌላ መመኘት፣ የተሰጠኝን መናቅ አይሆንብኝም?"

"አንተ ሰውዬ፣ ጫማህ ስንት ነው?"

"ሁለት።"

"የዝናቡን ስታደርግ የበጋውን ሰደብከው? በል አሁን ገበታ ላይ ካሜራ አይቀመጥም፣ አንሣልኝ።"

ረቡዕ አንድ መሥሪያ ቤት ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ ሲሸኝ ሞከራት። እዚያ ጉድ ፈላ። ሰው ለማቅረብ ሌንስ ማዞር የለመደው ግራ እጁ፣ አዲሷንም ይዞ ያዞራት ጀመር። እሷ ላይ ያለው ቀለበት ግን የሚያጠራው ወይም የሚያደበዝዘው ምስሉን ብቻ ነው። "የሚያጨበጭቡትን ላቅርብ" ብሎ ያዞራል፤ የጠራው ይደፈርሳል። ሠላሳ ፎቶ አንሥቶ ሲያይ ተሸኚው ከነኬኩ ውሃ ውስጥ የሰጠመ ይመስላል። ዙሙን መልሶ ገጥሞ፣ ወደ ጥጉ ተመልሶ፣ ቀሪውን እንደ ድሮው ጨረሰ። ሌንሷን በጨርቅ ጠቅልሎ "ይህቺ የሌላ ሰው ሲሳይ ናት፤ ቅዳሜ እመልሳታለሁ" ብሎ ቆረጠ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም ይዞ መጀመሪያ እትዬ ዘንድ ገባ። የመጨረሻ ሥራዋ የአንዲት ተማሪ የደንብ ልብስ ነበር፤ የቀረው የጫፉ ቅምቅማት ብቻ ነው። በሩን ተደግፎ በዙሙ ቢያነሣ ያው ጭስ ሆነ። ደገመው፤ ያው። የመኪናዋ ድምፅ ሳይቆም፣ እትዬ ቀና ሳትል ጮኸችበት።

"አንተ ልጅ! እዚያ በር ላይ ምን ገተረህ? ፖሊስ መሰልክ እኮ!"

"እንዳላውክሽ ብዬ ነው እትዬ።"

"አሁን ነው መታወክ የታየህ? እዚሁ እግሬ ሥር ተቀምጠህ ቁርጥራጭ ጨርቅ ስትበላ አይደል ያደግኸው? ና ግባ!"

ጨርቁን ፈትቶ ትንሿን ሌንስ ገጠመ። ገና ከማንሣቱ ያ ግራ እጁ አሁንም ዞር አደረጋት፤ እትዬም ደበዘዘች። በዚህ ላይ የቀረው ልብስ አንድ ክንድ አይሞላም። ያ ካለቀ መርገጫው ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ እህቱ መኪናዋ ላይ አትቀመጥም። "አምላኬ፣ ይህቺን እጄን ያዝልኝ" አለ በልቡ። ቀለበቱን አንዴ አጥርቶ አስተካከለና ጣቱን ከላዩ አነሣ። ከዚያ መራመድ ጀመረ። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። ፊቷ ገና ሩቅ ነው። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ጉልበቱ የመኪናውን እግር እስኪነካ ተጠጋ። ካሜራ ይዞ ለሰው እንዲህ ቀርቦ አያውቅም።

መኪናው ቀዘቀዘና ቆመ። እትዬ በጣቶቿ የጫፉን ክር ዳሰሰች፤ ለካ ዛሬ የምትሰፋው በዳሰሳ ኖሯል። መቀሷን አንሥታ ከመቁረጧ በፊት ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። በልጅነቱም ያያት ነበር፤ ስፌት የምትቆጥር ይመስለው ነበር። አሁን ግን ካጠገቧ ሆኖ ቃሉን ሰማው።

"ለምትለብሰው ልጅ ጤና ስጣት። ሲያጥራት ሌላ የሚያለብሳት አታሳጣት።"

"አሜን" አለ ሳያስበው፤ ጣቱም አብሮ ተጫነ።

ክሩ ተቆረጠ።

"ምን አሜን አሜን ትላለህ? አነሣኸኝ አላነሣኸኝም?"

"እትዬ፣ በሰፋሽው ሁሉ ላይ እንዲህ ስትዪ ነው የኖርሽው?"

"ታዲያ ጨርቅ ብቻ ላልብሳቸው? አምጣ ልየው።"

ካሜራውን አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋች። እጇ ጭስ አልሆነም፤ የጣቷ ጫፍ ላይ በመርፌ የደነደነው ቆዳ ሳይቀር ይታያል።

"ይህቺ አሮጊት ማናት? አፏን ከፍታለች።"

"እየጸለየች ነው።"

"እሱ በፎቶ አይሰማም።"

"እኔ ሰምቻለሁ ይበቃል።"

እትዬ ጭንቅላቱን እንደ ድሮው ዳበሰችው። እዚያው ተንበርክኮ እንዳለ ልቡ ውስጥ የነበረው ክርክር ሁሉ ጸጥ አለ። ዙሙ ለሰፊው አዳራሽ ይኖራል፤ አልናቀውም። ይህቺ ትንሿ ሌንስ ግን አትመለስም። ለሁለቱም ተመስገን አለ።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቲቱ መኪናውን የሚሸከም ሰው አስከትላ መጥታለች።

"እትዬ፣ ደረስን! እንግባ?"

እትዬ ከአልጋዋ ጫፍ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ስባ መርፌው ሥር አስገባችና እግሯን መርገጫው ላይ መለሰች።

"ትንሽ ታገሽኝ እናቴ" አለች። "ወንድሜ ገና አሁን መጠጋቱ ነው።"