ከአምቦ ጊንጪ፦ ለገመቹ እርቅ ልመና

ጠዋት፣ አምቦ

ዛሬ ከኦቦ ድሪባ ጋር ወደ ጊንጪ ተነሳን። እሳቸው የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ የእድራችን ሰብሳቢ ነኝ፤ የሰፈሩ ልጆች «አዴ»፣ እናታችን፣ ይሉኛል። የምንሄደው ለጎረቤታችን ለገመቹ ነው። ገመቹ ሾፌር ሳለ በገበያ ቀን ጊንጪ ላይ መንገድ የሚያቋርጥ ገበሬ ገጭቶ ገደለ። የፍርድ ቤቱን ቅጣት ጨርሶ ቤቱ ገብቷል፤ የጉማው፣ የደም ካሳው፣ እርቅ ግን አልወረደም። ጉማ ካላለቀ የገዳይና የሟች ወገን አብሮ አይበላም፣ ከአንድ ምንጭ አይቀዳም። የገመቹ ሚስት ጫልቱ ደግሞ የሟች መንደር ልጅ ናት። አልጋ የያዙት እናቷ አዲስ የተወለደውን የልጅ ልጃቸውን እስካሁን አላዩም።

ሽማግሌ ሁለቴ ሄዶ ባዶ እጁን ተመልሷል። እኔ ግን ጨጨብሳዬን በቅቤ አጣጥሜ፣ ሳላስታርቅ አልመለስም ብዬ ነው የተሳፈርኩት።

መንገድ ላይ

ከከተማው እንደወጣን የሚኒባሱ ሾፌር ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። በአንድ እጁ እየነዳ ጭድ የጫነ አይሱዙ ሊቀድም ሲወጣ አላስቻለኝም።

«አንተ ልጅ! ለእርቅ እየሄድን ነው፤ ሌላ ጉማ አታምጣብን!»

ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። ሾፌሩም አፍሮ ስልኩን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ግራና ቀኙን የደንዲን ጤፍ እያየሁ በሰላም ሄድኩ።

ጊንጪ

ገበያው አስፋልቱ ድረስ ወጥቷል። አህያው፣ በጉ፣ ጆንያ የተሸከመው ሰው በመኪና መሀል ይሹለከለካል። ለመሻገር የኦቦ ድሪባን ክንድ ይዤ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ በባጃጅ ወደ ጭልሞ አቅጣጫ ወጣን።

የሟች ሚስት አያንቱ ደጇ ላይ ስንዴ ታበጥር ነበር።

«አካም ቡልተን?» ብላ እንዴት እንዳደርን ጠየቀችን፤ ወንበር አወጣችልን።

ኦቦ ድሪባ እንደ ወጉ ስለ ካሳው ከብት ጀመሩ። አላስጨረሰቻቸውም።

«ኦቦ፣ ከብት አልፈልግም። ሁለቴ ነግሬያችኋለሁ።»

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ፣ ልጄ?» አልኳት።

ሰፌዱን አስቀመጠች። «እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ የለም። ልጆቼ አባታቸው የሞተበትን መንገድ እየተሻገሩ ነው የሚያድጉት። በሄዱ ቁጥር እስኪመለሱ ደጅ ቆሜ እጠብቃለሁ። ገመቹ በየገበያው ቀን ቀይ ጨርቅ ይዞ እዚያ ይቁም፤ መኪና እያስቆመ ሰው ያሻግር። ያኔ እታረቃለሁ።»

«ይህ በጉማ ወግ የለም» አሉ ኦቦ ድሪባ።

«ወጉን እናንተ ጠብቁ። እኔ ልጆቼን ልጠብቅ።»

ኦቦ ድሪባ ወደ እኔ ዞሩና «ዱጋ፤ እውነቷን ነው» አሉ። እኔ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ተነስቼ አገላብጬ ሳምኳት።

ማታ፣ አምቦ

በመንገድ የገዛሁትን ድንች እንኳ ቤቴ ሳላደርስ ወደ ገመቹ ቤት አመራሁ። ጫልቱ ልጇን ታቅፋ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። የአያንቱን ቃል አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«እዚያው ቦታ?» አለ ገመቹ።

«እዚያው።»

«የጊንጪ ሰው ሁሉ ያውቀኛል እኮ፣ አዴ።»

«ይወቅህ። አያንቱም አይታህ ነው የምታምንህ።»

ገመቹ መደቡ ላይ ቁጭ አለ። እኔም ሁለቱን የከሸፉ ልመናዎች አሰብኩ። ሽማግሌዎቻችን የሚሰጡትን ይዘው ሄዱ እንጂ አያንቱ የምትፈልገውን አልጠየቋትም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፤ ከእንግዲህ በማስታርቅበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ እጠይቃለሁ።

ጫልቱ ልጁን አስታቀፈችኝና ከሳጥኗ ቀይ ሻሽ አወጣች። በደህና ቀን የምታስረው ሻሽ ነው። ሳታመነታ በመቀስ ለሁለት ከፈለችው።

«ተነስ፤ እንጨት ፈልግለት» አለችው።

ገመቹ ተነሳ።